ሀለኮ ጎመን አይደለም

ሰው ንግግሬን ሲጨርስልኝ ደሜ ይፈላል። ዛሬ አብዛኛው ቃል ተመልሶልኛል፤ አንዳንዱ ግን አሁንም ከንፈሬ ጫፍ ደርሶ ይቆማል። ያኔ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሁሉ ጠንቋይ ይሆናል። «ው...» ስል አንዱ «ውሃ ላምጣልሽ?» ይላል፤ ሌላዋ «ውጪ ፀሐይ እንሙቅ?» ትላለች፤ ባለቤቴ ደግሞ «ውዴ ልትይኝ ነው?» እያለ ይስቃል። እኔ ልል የፈለግሁት «ውጡልኝ» ነው።

ንዴት ለልብሽ ጥሩ አይደለም ይሉኛል። ይህን የሚሉኝ የሚያናድዱኝ ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ስትሮክ ሳይመታኝ በፊት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር። ድምፄ ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል እየተባልኩ የምታማ፣ ተማሪ ሳይገባው «ገብቶኛል» ሲለኝ ጠመኔ የምሰብር ሴት ነበርኩ። አሁን ይህን የምጽፈው ስልኬ ላይ፣ በግራ አውራ ጣቴ ነው። ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ተጋድማ ሥራዬን ትመለከታለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፌ እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል፤ ቢሆንም ማንም አይጨርስልኝም፤ ለዚህ ነው መጻፍ የወደድኩት።

ነገሩ የጀመረው ከልቤ ነው። በልጅነቴ ጉሮሮዬን ደጋግሞ ያመኝ ነበር። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ የማን ልጅ ጉሮሮውን አላመመውም? ያ ሕመም ግን ከልቤ በሮች አንዱን አበላሽቶት ኖሮ የታወቀው ካደግሁ፣ ከተዳርኩ በኋላ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በእግር መውጣት ቀርቶ አልጋ ማንጠፍ ትንፋሽ ያሳጣኝ ጀመር። ወረፋ ጠብቀን አዲስ አበባ ሄድን። ደረቴ ተከፈተ፤ የተበላሸው በር ወጥቶ በብረት ተተካ። ቀዶ ጥገናው ያለ እንከን አለቀ። ቤቱ ጸጥ ሲል የልቤ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ባለቤቴ ከሰሜን በሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ የውሃ ሥራ ባለሙያ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። «ሚስቴን ይዤ ሄጄ የግድግዳ ሰዓት ይዤ ተመለስኩ» እያለ ለጠያቂው ሁሉ ያወራ ነበር።

ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ቁጭ አድርጋ መከረችን። ደም ብረት ላይ መርጋት ይወዳል አለች፤ የረጋው ደም ተላቅቆ ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው። ስለዚህ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ዕድሜ ልክ፣ በየቀኑ። ኪኒኑ በልኩ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራም በየጊዜው። ከምግብ ደግሞ የኪኒኑን ጉልበት የሚሰብሩ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉና፣ «ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ አታብዢ» አለችኝ። ሦስቱን ጠርታ ወደ ቁስሉ አጠባበቅ አለፈች። እሷ ባደገችበት ከተማ ገበታ ላይ የሚቀርበው ቅጠል ይኸው ነው፤ ሌላ ምን ትበል?

አርባ ምንጭ ስንገባ ምክሩን የተረከበችው እናቴ ናት። የምትኖረው ታች ኩልፎ ወንዝ አጠገብ፣ ታናሽ ወንድሜ በሚያለማው የሙዝ እርሻ ውስጥ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ የተነገራትን ግን እንደ ሕግ ትይዛለች። ጎመን ለደሜ ጠላት ነው ብዬ ነገርኳት። እኔና እሷ የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። በማግስቱ ጓሮዋ የነበረውን ጎመን ከነሥሩ ነቅላ ጣለችው። ሰው ቤት ስንጋበዝ ሳህኔን እንደ ኬላ ፈታሽ ትመረምረው ጀመር። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ጎመን ጣል ያደረገችበት ወጥ ይዛልኝ ብትመጣ፣ «ልጄን ልትገድይብኝ ነው?» ብላ ሳህኑን ከነክዳኑ መለሰችላት። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ሰላምታዋ በከንፈሯ ብቻ ነው።

ጎመኑን ከልክላ ባዶዬን አልተወችኝም። በምትኩ ሀለኮ አመጣች።

ሌላው አገር ሽፈራው ይለዋል። እኛ ዘንድ ሀለኮ የሌለበት ግቢ ካያችሁ ባለቤቱ ገና ትናንት የመጣ ሰው ነው። ቅጠሉ ከዘንጉ ተለቅሞ ይቀቀላል፤ ከበቆሎ ዱቄት ከሚድቦለቦለው ኩርኩፋ ጋር ይበላል፤ ደርቆ፣ ተፈጭቶ እንደ ሻይም ይጠጣል። ለግፊት ነው፣ ለስኳር ነው፣ ለጨጓራ ነው፣ ለአራስ ወተት ነው። የማያድነው ነገር ቢኖር የመንገዳችንን ጉድጓድ ብቻ ነው። ጎመን ጎመን ነው፤ ከመደብ ላይ የሚቀነጠስ አትክልት። ሀለኮ ዛፍ ነው፤ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያሰበችው እናቴ ብቻ አይደለችም። ዲግሪ ያለኝ እኔ፣ ወንድሜ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ያ ሁሉ ጠያቂ፣ «ሀለኮስ ቅጠል አይደለም እንዴ?» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። አረንጓዴ መሆኑን ሁላችንም እያየን ነው። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ በፌስታል ይዞልኝ ይገባል፤ «ለልብ ጥሩ ነው» ይላል። ምዕራብ ዓባያ ያለችው አክስቴ በጆንያ ላከችልኝ። ጠዋት ሀለኮ፣ ማታ ሀለኮ፣ በመሀል የሀለኮ ሻይ። ባለቤቴ አይወደውም፤ «እናንተ ዛፍ ትበላላችሁ» እያለ ሽሮውን ወደ ራሱ ይስብ ነበር።

የደም ምርመራው ደግሞ ልብ አውልቅ ነበር። ላቦራቶሪ ስንሄድ «ኬሚካሉ አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በሉ» ይሉናል። ብቅ ስንል ማሽኑ ቆሟል። ማሽኑ ሲሠራ መብራት የለም። አንድ ቀን ብሶቴን ሳሰማት መስኮቷ ውስጥ ያለችው ሴት አየት አድርጋኝ፣ «ደህና አይደለሽ እንዴ? ፊትሽ እኮ ወዝ አለው» አለችኝ። ወዝስ ነበረው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ከነበርኩት ጋር ሲተያይ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ሥራ ጀምሬአለሁ፤ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ልጆቼን አቅፌ አነሣለሁ። ጤነኛ ሰው የሌለ ኬሚካል ፍለጋ ስንት ጊዜ ይመላለሳል?

ጠመኔው ከእጄ የወደቀው ክፍልፋይ ሳስተምር ነው። «የታችኛውን ቁጥር እናመሳስል» አልኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ደገምኩት፤ ይብስ ሳቁ። ለካ እኔ የተናገርኩ የመሰለኝና እነሱ የሰሙት የተለያየ ነው፤ «የታችኛውን ጫማ እናብስል» ብያለሁ አሉኝ በኋላ። በቀልድ የማስተምር ሰው ስለነበርኩ አልፈርድባቸውም። ተናድጄ «ዝም በሉ!» ብዬ ስጮህ ያም ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። ጎንበስ ብዬ ጠመኔውን ላነሣ ስል ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ እግሬም ተከተላት። ወለሉ ላይ ሆኜ ሳቁ ቀስ በቀስ ሲቆም ሰማሁ። ከመውደቄ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ጸጥታ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ሁሉም ይገባኛል። አፌ የሚያወጣው ግን «አይ፣ አይ፣ አይ» ብቻ ነው። እሺ ለማለትም አይ፣ ውሃ ለመጠየቅም አይ። ጭንቅላቴን በማሽን አነሡት፤ የረጋ ደም ሄዶ ዘግቶታል፣ ስትሮክ ነው ተባለ። ወጣቱ ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ባለቤቴን ስለ ኪኒኑ ጠየቀው፤ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ስለ ምርመራው ጠየቀው፤ ባለቤቴ የኬሚካሉን ታሪክ ዘረዘረለት። ስለ ምግብ ሲጠይቅ ግን እናቴ ከሁሉ ቀድማ ከወንበሯ ተነሣች። በምትችላት የገበያ አማርኛ፣ ደረቷን ነፍታ፣

«ጎመን የለም፣ ዶክተር! ሁሉ ነቅለን ጣልነው። ሀለኮ ብቻ ነው ለሱ የምሰጠው፤ ጥዋት፣ ማታ፣ ብዙ ብዙ!» አለችው።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «ሽፈራው ማለትዎ ነው፣ እናቴ?»

«አዎ፣ ሽፈራው» አለች፣ ምስጋና እየጠበቀች።

በቀስታ ተናገረ፤ ቆጣ አላለም። መጀመሪያ የተናገረው፣ ሽፈራው የኪኒኑን ጉልበት በመስበር ከጎመን እንደማያንስ ነው። ቀጥሎ የተናገረው ደግሞ ይህን ነው፦ በዚህ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ምርመራውም ተቋርጧል፤ የብረት በር የገባለት ሰው ሁሉን ጠብቆም አንዳንዴ ይህ ይደርስበታል። ሽፈራውም ቢሆን ጭራሽ ክልክል አይደለም። በሳምንት ሁለቴ አንድ አንድ ጭብጥ ብትበላ፣ ሳይበዛና ሳያንስ ሁልጊዜ ያው ከሆነ፣ እየመረመርን ኪኒኑን በዚያው ልክ እናስተካክላለን አለ።

እናቴ የመጀመሪያውን ብቻ ሰማች። ሁለተኛውን ሲናገር እጆቿን እያየች ነበር።

ይህን ተጋድሜ አየሁ። «እማዬ፣ ቀሪውን ስሚው እንጂ!» ልላት አፌን ከፈትኩ። «አይ፣ አይ፣ አይ» አልኩ። ከአጠገቤ ሂጂ ያልኳት መስሏት ከክፍሉ ወጣች።

ቤት ከገባሁ በኋላ እናቴ መምጣቷን አልተወችም፤ የምትመጣው ሴት ግን እናቴ አልነበረችም። በር አጠገብ ትቀመጣለች። በእጇ የሠራችው ነገር አይገባም፤ የታሸገ ብስኩት፣ የታሸገ ጭማቂ፣ የታሸገ ውሃ ይዛ ነው የምትመጣው። ዕድሜዋን ሙሉ የሱቅ ምግብን «የሰነፍ ቀለብ» ስትል የኖረች ሴት! ነገሩን ያልሰማች አንዲት ጎረቤት እንደ ልማዷ ሀለኮ በፌስታል ይዛ ብትመጣ፣ እናቴ ከእጇ ቀምታ ወጥታ ጣለችው፤ ተመልሳ ስትገባ እጆቿን ስትታጠብ ሰማኋት፤ ውሃው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ።

አንድ ቀን ከእርሻው ሙዝ አመጣች። ሳትልጥ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። በአንድ እጅ ሙዝ መላጥ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? በጥርሴ ያዝኩት፤ አምልጦኝ ወደቀ። አንሥታ መልሳ ጉልበቴ ላይ አደረገችውና እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። እጇ የነካው ነገር አፌ እንዳይገባ ፈርታ ነው። ልጣጩን ብቻ ነበር የምፈልገው እንድትነካልኝ። ያን ቀን እንደተናደድኩት ተናድጄ አላውቅም፤ ሙዙን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። እሷ ደግሞ የወረወርኩት እጇ ስለነካው መሰላት።

የሚነግራት ሰው ጠፍቶ አይደለም። ባለቤቴ «እማማ፣ ሐኪሙ እኮ ትንሽ ይፈቀዳል ብሏል፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አላት። «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችው፤ አላመነችውም። ወንድሜ ሐኪሙ ዘንድ ሄደሽ ከራሱ አፍ ስሚው አላት። «እሱም አሳዝኜው ነው እንዲያ ያለው» ብላ አልሄድም አለች። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ መጥቶ ባለማወቅ የተደረገውን ጌታ አይቆጥርም ብሎ እጁን ጭኖ ጸለየላት። ጥፋተኛ መሆኗ በዚያ ጸሎት ጸደቀላት። ደግ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን በምርኩዜ አንዴ ባቀምሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ እናቴ አላምንም ብትል እውነት አላት። እኛ ሰው ለማጽናናት የማንዋሸው ውሸት የለም። የሞተውን «ትንሽ አሞት ነው» እንላለን። ሊሞት የደረሰውን «ምንም አልሆንክም፣ ነገ ትነሣለህ» እንላለን። ደረቴ ሊከፈት ሲል እኔ ራሴ «ትንሽ ነገር ናት፣ ጥርስ እንደማስነቀል ናት» ብያት ነበር፤ እሷም ያመነችኝ መስላ ሌሊቱን ስትጸልይ አደረች። በለሰለሰ ድምፅ የሚነገር ነገር ሁሉ ውሸት መሆኑን ዕድሜዋን ሙሉ ስታውቅ ኖራለች። አሁን እውነቱ በለሰለሰ ድምፅ መጣና ማጽናኛ መሰላት። ከእኔ ከሰማችው ታምን ይሆናል፤ የተጎዳሁት እኔ ነኛ። እኔ ደግሞ አፍ የለኝም። ጽፌ እንዳልሰጣት አታነብም፤ ብታነብም ያኔ ፊደሉ ሁሉ ከአእምሮዬ ተበትኖ ነበር።

ስለዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር መለማመድ ጀመርኩ፦ እማዬ፣ ሀለኮ ትንሽ ይፈቀዳል። ይህችው ናት። ለብዙ ልጅ የሦስት ማዕዘን ስፋት ያስተማርኩ ሴት ለዚህች የሚበቃ አፍ አጣሁ። ንግግር የሚያስተምር ባለሙያ አላገኘንም፤ አስተማሪዬ ባለቤቴ ሆነ። ጋሞኛው እንደ እናቴ አማርኛ የገበያ ነው፤ ቢሆንም ሥራ ውሎ መጥቶ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ምን ዓይነት አስተማሪ! «እማ...» ስል «እማዬ! ጎበዝ!» ብሎ ያጨበጭባል። «ሀለኮ» ልል «ወንበር» ይወጣል። «ትንሽ» ልል «ትናንት» ይወጣል። ሲደክመው «ተይው፣ ገብቶኛል እኮ» ይለኛል። ለእሱ መግባቱ ምን ያደርግልኛል? ለእሱማ ድሮም ገብቶታል።

ጠያቂዎች ይመጣሉ። ፊቴ ቁጭ ብለው ባለቤቴን «ትሰማለች?» ብለው ይጠይቁታል። አንዳንዶቹ እንደ ደንቆሮ ይጮሁብኛል፤ አንዳንዶቹ እንደ ሕፃን ያባብሉኛል። የሥራ ባልደረባዬ የነበረ ሰው፣ እኩል አስተማሪ፣ «ማነሽ አንቺ? ስምሽን ንገሪኝ እስቲ» እያለ አገጬን ነካ ነካ አደረገኝ። ጣቱን ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። በር አጠገብ የተቀመጠችው እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች፤ ባየችው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ታንሳለች።

አንድ ጊዜ ብቻችንን ስንሆን ሞከርኩት። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ዐይኗን እያየሁ፣ «እማዬ...» አልኩ። ቀና አለች። «እማዬ... ወንበር...» ወዲያው ብድግ ብላ ወንበሯን ተሸክማ አጠገቤ አመጣችልኝና ራሷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ አይገባሽም ያልኳት ነው የመሰላት። ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ በሷ፣ እኔ በእኔ ምክንያት።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ለሥራ ወደ ምዕራብ ዓባያ ወርዶ ሳለ ወንድሜ ደወለ። ሲቀላ ሙዝ እያስጫነ ነው። «እማዬ ግቢ ያለውን ሀለኮ ልታስቆርጥ ሰው ጠርታለች» አለኝ። «ቅርንጫፉን አይደለም፣ ከግንዱ። ተይ ብላት አልሰማ አለችኝ፤ ከሌላ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

«አይ! አይ! አይ!» አልኩት።

«አይዞሽ እህቴ፣ አትጨነቂ፤ ይቆረጥ፣ ለአንቺም ይሻልሻል» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሀለኮ መከርከም የተለመደ ነው፤ የሚከረከመው እንዲያቆጠቁጥ ነው። ከግንዱ የሚያስቆርጥ ሰው ግን ዳግም ላያየው ነው። ዛፉን ካወረደችው በራሷ ላይ ፈርዳ ጨረሰች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አፌ ቢፈታ፣ የምላት ሁሉ ለፈረደች ሴት የሚነገር ማጽናኛ ይሆናል። ልጆቹን ለጎረቤት በጥቅሻ አደራ ብዬ፣ ነጠላዬን በአንድ እጄ ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። ከስትሮኩ ወዲህ ብቻዬን ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ባጃጅ አስቆምኩ። «ኩልፎ» ልለው «ሐሙስ» አልኩት። «ዛሬ ቅዳሜ ነው እናቴ» አለኝ። በምርኩዜ ወደ ታች ጠቆምኩት። ከዚያ በየመታጠፊያው ትከሻውን መምታት ሆነ ሥራዬ፤ ወደ ግራ ሲሆን ግራውን፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ቀኙን። ጥቂት እንደሄድን በመስታወቱ አየኝና፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀማምሰዋል እንዴ?» አለኝ። ጠላ እንኳ አፌ ገብቶ የማያውቅ የጴንጤ ልጅ! ትከሻውን ደህና አድርጌ መታሁት። ታጠፈ። መታጠፊያ አልነበረም።

ስንደርስ ዛፉ ግማሹ ወርዷል። ቅርንጫፎቹ ግቢው ውስጥ ተከምረው ዶሮዎች ቅጠሉን ይጭራሉ። የተጠራው ሰውዬ ከግንዱ ሊጀምር ምሳሩን አንሥቷል። እናቴ ጀርባዋን ለዛፉ ሰጥታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ነጠላዋ ውስጥ ናቸው።

ያን ያህል የተለማመድኳት ዓረፍተ ነገር ድራሿ ጠፋ። «እማዬ» እንኳ አልመጣልኝም። የመጣው ንዴት ነው፤ የሌለው ኬሚካል፣ አገጬን የነካካው ሰውዬ፣ ጭብጨባው፣ ጸሎቱ፣ ያልተላጠው ሙዝ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ከሆዴ ተነሥቶ፣

«ተው! ምሳዬን ነው የምትቆርጠው!» ብዬ ጮህኩ።

ጥርት ያለ ጋሞኛ፣ በድሮው የክፍል ድምፄ። ምሳሩ አየር ላይ ቀረ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ዞረች። «ምን አልሽ?»

መድገም አቃተኝ። የአፌ በር አንዴ ተከፍቶ ተዘጋ። ምርኩዜን ጥዬ፣ ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ቅጠል ዘንጥፌ በግራ እጄ ጨበጥኩትና አፍንጫዋ ሥር አመጣሁት። ይህችን! ይህችን ያህል! አፌ ባይልም ሰውነቴ በሙሉ ይጮህባት ነበር።

«ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለው?» አለች።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ልታጽናኚኝ ብለሽ አይደለም?»

ግንዱን በጡጫዬ መታሁት። እጄን አሳመመኝ፤ ደግሜ መታሁት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ፊቴ በርበሬ መስሏል፣ ምራቄ በአገጬ ይወርዳል፣ ነጠላዬ መሬት ይጎተታል። ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች በኋላ ነግራኛለች፤ የሚያጽናና ሰው እንዲህ አይቆጣም ብላ ነው ያመነችኝ። ሰውዬውን «ተወው፣ ወደ ቤትህ ግባ» አለችው።

እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች። ጡጫዬን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ከሆስፒታሉ ወዲህ ነክታኝ አታውቅም ነበር። ቅጠሉን ከመዳፌ ወደ መዳፏ ገለበጠች፤ ዘንጉን ለቅማ ጣለች፤ የቀረውን ከፍ ዝቅ እያደረገች መዘነችው።

«ጭብጥ ያለው በማን እጅ ነው?» አለች። «በሱ ነው ባንቺ?»

አላውቅም። ይህን አልነገረንም።

«ባንቺማ ከሆነ ለዶሮም አትበቃም» አለችና ጎንበስ ብላ ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ትጨምርበት ጀመር።